ተሳፋሪ መሆን ያቃተው አባቴ

እናቴ ከቡሬ ደውላ «ሴት ናት» ያለችኝ ዕለት ስልኩን በእጄ እንደያዝኩ ከበረንዳው ወደ ግቢው ዘለልኩ። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን መውለዷ ነበር። ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ብላ «ምን ተገኘ?» አለችኝ።

«እህቴ ሴት ወለደች።»

«ደግ ነው። ከጥንት ጀምሮ ሴት ተወልዶ የማያውቅ አስመሰልሽው እኮ።»

ምን ብዬ ላስረዳት? ወንድ ቢሆን ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው። ሴት ስለሆነች ግን ሰማንያ ቀን ይጠበቃል። አርባ ቀን ተጨመረልን ማለት ነው። እኔም የዘለልኩት ለዚያች ለአርባ ቀን ነው፤ አባቴን እስከ ቡሬ የማደርስበት ዘዴ እስካገኝ ድረስ።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ለመሄድ ይህን ያህል ቀን ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። መንገዱ አጭር ነው፤ ማንኩሳን አልፎ ትንሽ ነው። ችግሩ አባቴ መኪና ውስጥ አይገባም።

አባቴ ሹፌር ነበር። ቅጥቅጥ የምንለውን አውቶብስ ይዞ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር ሃያ ስድስት ዓመት ተመላልሷል። ቡሬን፣ ዱርቤቴን፣ መራዊን ከእኔ ዕድሜ ለሚበልጥ ዘመን አውቋቸዋል። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ዓይኑን ሲታይ የግራው እየጠፋ መሆኑ ተነገረው። ባሕር ዳር ያለው ሐኪምም ያንኑ ደገመለት። ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ። ከዚያ ዕለት ወዲህ መንዳት መተዉ አይደለም የሚገርመው፤ መሳፈርም ተወ። ሚኒባስ አይልም፣ ባጃጅ አይልም። ጂጋ ዘመድ ሞቶብን በእግሩ ሄደና ቀብሩ ካለቀ በኋላ ደረሰ። ያም ሆኖ እንደ ድሮው ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ይነሣል፣ ታጥቦ ጃኬቱን ይለብሳል፣ መናኸሪያው በር ላይ ይቆማል። የጠዋቱ መኪኖች ወጥተው ሲያልቁ ተመልሶ ይመጣል። ለምን እንደሚሄድ ጠይቄው «ለማየት» አለኝ። ምኑን እንደሚያይ አልነገረኝም።

የሠፈሩ ሰው ኩራት ነው ይላል። ትናንት መሪ የያዘ ሰው ዛሬ ከተሳፋሪ ጋር ትከሻ ለትከሻ መቀመጥ ከበደው ይላሉ። እኔም ኩራት ነው ብዬ ነበር።

እህቴ ሐኪም መንገድ ስለከለከላት እናቷ ቤት መጥታ መውለዱ ቀርቶ እናቴ ራሷ ወደ ቡሬ ሄዳለች። ስለዚህ ቤት ውስጥ የቀረነው አባቴና እኔ ብቻ ነበርን። እህቴ በወለደች በሳምንቷ ደወለችልኝ።

«አራስ ጥየቃውስ ይሁን፣ ቀረ» አለች። «ለክርስትናዋ ካልመጣ ግን እኔም ሁለተኛ ደጁን አልረግጥም። እንዲህ ብላለች በይልኝ።»

«እታለም፣ በእግሬ እሄዳለሁ ይላል።»

«በዚያ ጉልበቱ? ማንኩሳ ሳይደርስ ነው የሚቀመጠው። ሠርጌ ዕለት እሱ አይደል ነድቶ የወሰደኝ?» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ስልኩን እናቴ ተቀበለቻትና «አራስን አታስለቅሺ» ብላ ዘጋችብኝ። እኔ ምን አደረግሁ?

መልእክቱን ለአባቴ ነገርኩት። «እሺ» አለ። ያን ሰሞን አባቴ እሺ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ማወቅ አልችልም ነበር።

በዚህ መሐል ነው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የእድር ቤት ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ያየሁት። «በሕይወታቸው ለውጥ ላይ ለሚገኙ ወንዶች። የሕይወት አሠልጣኝ። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእግር ኳስ አሠልጣኝ አውቃለሁ፣ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኝ አውቃለሁ። ሕይወትን የሚያሠለጥን እንዴት ያለ ነው? ጎረቤታችንን ብጠይቃት «አበል አለው?» አለችኝ። የለውም መሰለኝ ስላት «እንግዲያው ሥልጠና አይደለም» ብላ ጨረሰችው።

አሠልጣኙ የከተማችን ልጅ ነው። ባሕር ዳር ተምሮ የመጣ፣ ሚስት ያላገባ፣ ጢሙ እንኳ በወጉ ያልወጣ። ለአባቴ ብነግረው «እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው የምሠለጥነው?» አለ። ስለዚህ በሌላ በር ሄድኩ። የእድራችን ሽማግሌ ከቡሬ በላይ ካለው ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው፤ መሬታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለው ከተማ ሴት ልጃቸው ቤት ይኖራሉ። እሳቸውን ለመንኳቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በራችን ላይ ቆመው አባቴን «ስማ፣ ያ ልጅ ጠርቶኛል። ብቻዬን መግባት አፈርኩ፤ አድርሰኝ» አሉት። ሽማግሌ በር ላይ አቁሞ እምቢ ማለት የለም። አባቴ ጃኬቱን ለበሰ። ገብቶ መቀመጡን ለማረጋገጥ እኔም ከኋላ ከኋላ ሄጄ በር ላይ ቆምኩ።

አምስት ወንዶች ናቸው የመጡት። አሠልጣኙ ነጭ ወረቀት አደላቸውና «አሁን የከበዳችሁን አንድ ነገር ጻፉ፤ ስም መጻፍ አያስፈልግም» አለ። ማንም እስክሪብቶ አላነሣም። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር ነበሩ፣ እሳቸው ተነሡ።

«ወረቀቱ የሚሄደው ወዴት ነው?»

«የትም አይሄድም ጋሼ።»

«የትም የማይሄድ ወረቀት በአገልግሎት ዘመኔ አላየሁም።»

ሽማግሌው «እኔስ ፊደል ባለመቁጠሬ ተረፍኩ» ብለው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ደግሞስ» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ «ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማነው? ቃለ ጉባኤ የሌለው ስብሰባ ኋላ ያጣላል።»

አሠልጣኙ ይህ ስብሰባ እንዳልሆነ ሊያስረዳ ሞከረ። ስድስት ሰው ተቀምጦ ስብሰባ አይደለም ማለት ግን ለማንም አልገባም። የሚጽፍ ጠፋ። ያኔ አባቴ ወደ በሩ በአገጩ ጠቆመና «ልጄ ጽሕፈቷ ጥሩ ነው» አለ። ምን ልበላችሁ፣ አሥረኛ ክፍል ድረስ ስማር አንድም ቀን እንዲህ ብሎ አያውቅም። ከየት እንዳወቀውም አላውቅም። ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ቀኑን ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩ።

ርዕሰ መምህሩ ጀመሩ። «እንግዲህ ጠንካራ ጎኔ፣ የተሰጠኝን ኃላፊነት እወጣለሁ። ድክመቴ፣ አልፎ አልፎ ሰዓት አለማክበር ይታይብኛል። ለወደፊቱ አሻሽላለሁ።» ተቀመጡ።

በየመሥሪያ ቤቱና በየማኅበሩ ግምገማ የሚባለው ነገር የበዛበት ጊዜ ነበር። ሰው ሌላው ሳይቀድመው ራሱ ተነሥቶ ድክመቱን መናገርን ለምዷል፤ ከድክመቱም ቀላሉን መርጦ መናገርን ለምዷል። ሁለተኛው ተነሣ፤ ሰዓት አለማክበር። ሦስተኛውም ሰዓት። ሽማግሌው፣ በዕድሜያቸው ሰዓት አስረው የማያውቁት፣ «እኔም ያው ሰዓት ነው» አሉ። አባቴ ተነሣ። ያ አሥራ ሁለት ሰዓት ከተባለ በአሥራ ሁለት ሰዓት መኪናውን የሚያስነሣው፣ የዘገየ ባለሥልጣን ጥሎ የሄደው አባቴ «ሰዓት» ብሎ ተቀመጠ።

አሠልጣኙ የእጅ ሰዓቱን አየ። «ሁላችሁም ግን ቀድማችሁኝ ነው የመጣችሁት» አለ።

እኔ እንዲህ ጻፍኩ፤ «በአባላቱ ላይ የታየ ድክመት፣ ሰዓት አለማክበር። ውሳኔ፣ ሰዓት ይከበር።» አንብቤላቸው ፈረሙ። ሽማግሌው የእስክሪብቶዬን ቀለም አውራ ጣታቸው ላይ ቀብተው አሻራቸውን አደረጉ። ርዕሰ መምህሩ «ጥሩ ቃለ ጉባኤ ነው» አሉኝ። ከደስታዬ ብዛት ቤት እስክንደርስ መሬት አልረገጥኩም። ነገር ግን ምን እንደተደረገ አልገባኝም።

«አባዬ፣ አንተ መቼ ነው ሰዓት ያላከበርከው?»

«ስብሰባ ላይ እንደዚያ ነው የሚባለው» አለ።

የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። ከዚያ የሚቀጥለውም። ቃለ ጉባኤዬ እያማረ ሄደ፣ አባቴ ግን መናኸሪያው በር ላይ መቆሙን አልተወም። ሃምሳ ቀን አለፈ። አንድ ቀን አሠልጣኙ ወንበር ሲሰበስብ አገኘሁትና «ጋሼ፣ ግን ሥራህ በትክክል ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጠይቆ መስማት።»

«ይህን ለመማር ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ስድስት ወር።»

«እነሱ እኮ ሰዓት ሰዓት ብቻ ነው የሚሉህ።»

«እሱ እኔም አልገባኝም» አለ። ፊቱ አሳዘነኝ። ልጠይቀው የሄድኩት እኔ ነበርኩ፤ ላጽናናው ጀመርኩ። የማይገባኝ ብዙ ነገር ነበር።

ነገሩን የፈታው እሱም እኔም አይደለንም። በስድሳኛው ቀን አካባቢ ሽማግሌው ድንገት «ይኼ ልጅ ስለ ራሳችሁ ተናገሩ እያለ ያደክመናል» አሉ። «ስለ ራስ መናገር ያስነውራል። እኔ አንድ የማውቀው ገበሬ አለ፤ ስለሱ ልናገር?»

አሠልጣኙ መጀመሪያ እምቢ ሊል ነበር። ከዚያ ምን እንደታየው እንጃ፣ «ይናገሩ» አለ።

«ያ ገበሬ ጎህ ሲቀድ ይነሣል። በሬ ሊፈታ ወደ ግቢ ይወጣል። ግቢው ሲሚንቶ ነው። ተመልሶ ይገባል። ልጁ ‹ምን ፈልገህ ነው አባባ?› ትለዋለች። ‹ሽንት ቤት› ይላታል። ይኼው ነው።»

ማንም ወደ እሳቸው አላየም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ርዕሰ መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠርገው እሳቸውም የሚያውቁት አንድ ርዕሰ መምህር እንዳለ ነገሩን፤ የትምህርት ቤት ደወል በሰማ ቁጥር ምሳውን ትቶ ከወንበሩ እንደሚነሣ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። ይህ ጠንካራ ጎን ነው ድክመት? የትኛው ዓምድ ላይ ነው የምጽፈው?

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባቴ ሲቀመጥ ጃኬቱን አላወለቀም። ሌሎቹ ተናግረው ሲያበቁ «እኔም አንድ የማውቀው ሹፌር አለ» አለ።

«ፈቃዱን የከለከሉት ዕለት ከባሕር ዳር ተሳፍሮ ተመለሰ። ነጂው አወቀውና ለክብሩ ብሎ ጋቢና አስቀመጠው። ያ ሰው ከመራዊ ጀምሮ እግሩ ፍሬን ይረግጣል። እሱ ጋ ፍሬን የለም፤ ግን ይረግጣል። ከዱርቤቴ ወዲህ አንድ መታጠፊያ ላይ ከፊት አይሱዙ መጣ። ነጂው አይቶታል። ያ ሰው ግን እጁን ሰደደና መሪውን ያዘ።»

«እና?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«መኪናው ከአስፋልት ወጥቶ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆመ። ከኋላ አንዲት እናት ልጅ ታቅፋ ነበር። ማንም አልተነካም። ነጂው አልሰደበውም፤ ‹አይዞዎት ጋሼ› ነው ያለው። ቢሰድበው ይሻል ነበር።»

ስምንት ወር ሙሉ ኩራት ነው ስል የኖርኩት ይህን ነው። ለጎረቤታችንም ያልኳት ይህን ነው። ቀና ብዬ ላየው ፈለግሁ፤ ሌላው ሁሉ አቀርቅሮ ስለነበር ግን እኔም አቀረቀርኩ።

አሠልጣኙ ቀስ ብሎ «ያ ሹፌር አሁን የሚፈራው ምኑን ነው?» አለ።

«እጁን።»

«ከኋላ ቢቀመጥስ?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ከኋላ ቢቀመጥ ነጂውን በትከሻው ይይዘዋል። አያምነውም እኮ እጁን።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «እጁን የሚይዝለት ሰው ቢኖርስ?»

«እስረኛ ነው አያ፣ እጁ ተይዞ የሚሄደው?»

«እስረኛ አላልኩም። ዋስ ይጥራ።»

እኛ አገር ሽማግሌ ሲያስታርቅ ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል። ቃሉ ቢፈርስ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ሰው ከጎረቤቱ፣ ከወንድሙ፣ ከሚስቱ ታርቆ ዋስ ሲጠራ አይቻለሁ። ሰው ከራሱ እጅ ታርቆ ዋስ ሲጠራ ግን ማን አየ? አሠልጣኙም እንደኔው ግራ ገብቶት ወዲያና ወዲህ ያያል። ርዕሰ መምህሩ ብቻ አልተቸገሩም፤ «ሥርዓት ነው፤ ይመዝገብ» አሉኝ።

አባቴ ሁለት እጁን ገልብጦ አየ። ከዚያ «ያ ሰው ልጅ አለችው» አለ። «ጸሐፊ ናት።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ? ሕጉም አይፈቅድ፣ ወጉም አያውቀው።»

«ሕጉ የመሬትና የከብት ነው» አሉ ሽማግሌው። «ይኼ የእጅ ነገር ነው። ሰውየው ጠርቷል። አንቺ ልጅ፣ ትሆኚያለሽ?»

«እሆናለሁ» አልኩ። ከዚያ ምን ላድርግ፣ ጸሐፊዋ እኔው ነኝ፤ ስሜን በራሴ እጅ ጻፍኩት። ከጻፍኩት በኋላ ነው ፍርሃቱ የመጣው። አባቴ ትልቅ ሰው ነው። እጁ የእኔን ሁለት ያህላል። ደግሞስ ባልይዘው የሚጠየቀው ማነው፣ የሚጠይቀኝስ ማነው? አልተነገረኝም።

ሰባ ዘጠነኛው ቀን ላይ ማለዳ ወደ መናኸሪያው ሄድን። በሩ ላይ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ። የሚያውቁት ሹፌሮች አዩት፤ አንዱ የጋቢናውን በር ከፍቶ «ጋሼ፣ ከፊት ይግቡ» አለ።

«ከኋላ ነኝ» አለ አባቴ። ገባ። እኔም ገባሁ። የመጨረሻው ወንበር ላይ በመስኮት በኩል አስቀመጥኩትና ሁለት እጁን ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩ። እጁ ላብ ያንጠባጥብ ነበር። ከእግራችን ሥር የበርበሬ ጆንያ አለ፤ መኪናው ሲነሣ ሁሉም ሰው ማሳል ጀመረ፣ አባቴ ግን አላሳለም፤ አንገቱን አስግጎ በሰው ትከሻ መሐል መንገዱን ያያል። እግሩ እግሬን ይረግጣል። ለክርስትናው የለበስኩት አዲስ ጫማ ነበር።

ከማንኩሳ ወዲያ አንድ ጋሪ በቀኝ በኩል አስፋልቱ ላይ ወጣ። የአባቴ እጅ ሲወረወር እኔም አብሬው ከወንበሬ ተነሣሁ። በሙሉ ክብደቴ ተጫንኩበት። «ፍሬን» አለ፣ በሹክሹክታ። ነጂው ቀድሞ አብርዶት ነበር። ጋሪው አለፈ።

ረዳቱ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ይኼ መኪና ከኋላም ይነዳል እንዴ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ ምን ይል ይሆን ብዬ ቀና ብዬ አየሁት።

«አንተ በሩን ዝጋ፤ ከተነሣን ጀምሮ አልገጠመም» አለው። ረዳቱ በሩን ቢያየው እውነትም አልገጠመም።

ከዚያ በኋላ እስከ ቡሬ ድረስ የነጂውን ጥፋት በጆሮዬ ሲነግረኝ ሄደ። ማርሽ ይዘገያል፣ ጥሩምባ ያበዛል፣ መስታወት አያይም። ዳነ ማለት ነው? ወይስ ባሰበት? እጁ አሁንም ላብ በላብ ነበር፤ እኔም አልለቀቅኩትም።

እህቴ ከአራስ አልጋዋ ተነሥታ በሩ ድረስ መጣች። አቧራ ይኖረው እንደሆነ ብላ ጫማውን አየች፤ የለውም።

«በምን መጣህ?»

«በመኪና።»

«ከማን ጋር?»

«ከዋሴ ጋር።»

«ምን አጥፍተህ ነው ዋስ ያስፈለገህ?» ብላ ደነገጠች። ማንም አላስረዳትም። ሕፃኗን አምጥታ ሰጠችው። አባቴ መጀመሪያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ከዚያ ተቀበላት። በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አየሁት። ከቅዳሴው ይልቅ እሱን ሳይ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሰኞ ስንመለስም ከኋላ ተቀምጠን ይዤው ነበር። እስከ መቼ እንደምይዘው የተናገረ የለም። ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ውስጥ ብቻውን ገባ፤ ሁለት ፌርማታ ሄዶ ወርዶ የቀረውን በእግሩ መጣ። ለምን ወረድክ ስለው «በቃኝ» አለ። አባቴን የረዳው ምኑ እንደሆነ አሠልጣኙን ጠይቄዋለሁ። ጥያቄው ይሆናል አለ፣ ከዚያ ዋሱ ይሆናል አለ፣ ከዚያ እሱም እንደማያውቅ ነገረኝ። ሽማግሌውን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። እኔም ሳላውቅ ነው የጻፍኩላችሁ፤ ደስ ስላለኝ ግን መጻፉን ማቆም አልቻልኩም።

የቅዳሜዎቹ ወንዶች አሁን ሰባት ሆነዋል። ይህን እንደምጽፍ ስነግራቸው «እንግዲያው ጥሪውንም አድርሺልን» አሉኝ። ይኸው። ፍኖተ ሰላም ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የእድር ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ክፍት ነው። ሥራ የለቀቀ፣ መሬት ያካፈለ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ቤቱ የፈረሰበት፣ ምን እንደሆነ ያላወቀም ይምጣ። ከገጠር የሚመጣ ሰው ጠዋት ገበያውን ጨርሶ ይደርሳል። ወንበር አንሶናልና በርጩማ ያለው ይዞ ቢመጣ ደስ ይለናል። መናገር ግዴታ አይደለም፤ ሁለት ቅዳሜ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሄደም አለ። አባታችሁን፣ አጎታችሁን፣ ባላችሁን ብቻውን አትላኩት፤ እስከ በሩ አድርሱት።